የጤና ወጪን ማን፣ መቼ ይከፍላል? የአገሮች የጤና ፋይናንስ ሥርዓቶችና ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በወልቂጤና በቡታጅራ

በየትኛውም አገር የሕክምና ወጪ የሚሸፈነው በመጨረሻ ከሕዝብ በሚሰበሰብ ገንዘብ ነው። በአገሮች መካከል ያለው ዋና ልዩነት ገንዘቡ የሚሰበሰብበት ጊዜና መንገድ ነው። በአንዳንዶቹ ዜጎች ጤነኛ ሳሉ በግብር ወይም በመዋጮ አስቀድመው ይከፍላሉ፤ በሌሎቹ ደግሞ ሕመምተኛው በታመመበት ዕለት፣ በካርድ ክፍሉና በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ከኪሱ ይከፍላል። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በሕመም ቀን የሚከፈል ገንዘብ ቤተሰብን ከብት እስከ መሸጥ፣ መሬት እስከ ማከራየትና ብድር ውስጥ እስከ መግባት ሊያደርስ ይችላል፤ ወይም ደግሞ ሕመምተኛው ጨርሶ ሳይታከም እንዲቀር ያደርጋል።

ይህ ጽሑፍ የተለያዩ አገሮች የጤና አገልግሎትን በምን መንገድ ፋይናንስ እንደሚያደርጉና እንደሚያደራጁ ያብራራል፤ ቀጥሎም በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞችና በአካባቢያቸው የሚኖሩ ዜጎች በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን እንዴት መጠቀም እንደሚችሉ ያመለክታል።

የአገሮች ተሞክሮ

በመዋጮ ላይ የተመሠረተ መድኅን፦ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1883 በቻንስለር ቢስማርክ ዘመን የሕመም መድኅን ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆናለች። ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ ላይ ተቆራጭ እያደረጉ ለመድኅን ፈንዶች ያዋጣሉ። መሠረታዊው የመዋጮ መጠን ከደመወዙ 14.6 በመቶ ሲሆን ሁለቱ ወገኖች እኩል ይካፈሉታል። ሕክምናውን የሚሰጡት የመንግሥት፣ የበጎ አድራጎትና የግል ተቋማት ናቸው። ይህ አሠራር የሚሠራው ደመወዙ የታወቀ፣ ተቀጥሮ የሚሠራ ሕዝብ በሚበዛበት አገር ነው።

በግብር የሚሸፈን አገልግሎት፦ ብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎቷን የጀመረችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1948 ነው። ወጪው በዋናነት ከመንግሥት ግብር ስለሚሸፈን ታካሚው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አይከፍልም። ሆኖም አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር መጀመሪያ የሚቀርበው በአካባቢው ላለው ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ወደ ሆስፒታል የሚሄደው በዚያ ሐኪም አማካይነት ነው። አገልግሎቱ ነፃ መሆኑ የቅብብሎሽ ሥርዓቱን አላስቀረውም።

የተቀላቀለ ሥርዓት፦ በዩናይትድ ስቴትስ ብዙዎች መድኅን የሚያገኙት በአሠሪዎቻቸው በኩል ከግል ኩባንያዎች ነው። ለአረጋውያንና ለዝቅተኛ ገቢ ዜጎች የተቋቋሙት የመንግሥት መርሐ ግብሮች፣ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ተጀምረዋል። አገሪቱ ለጤና የምታወጣው ገንዘብ ከሌሎች ባለጸጋ አገሮች ይበልጣል፤ ያም ሆኖ ምንም መድኅን የሌላቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነዋሪዎች አሏት። ወጪ መብዛቱ ብቻውን ለሁሉም መዳረስን እንደማያረጋግጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ በመደበኛ ሥራ ላይ ያልተሰማሩ ዜጎቿን በሙሉ ከግብር በሚገኝ ገንዘብ በሚሸፈን መርሐ ግብር አቅፋለች፤ መርሐ ግብሩ ሲጀመር ታካሚው በአንድ ጉብኝት የሚከፍለው 30 ባት ብቻ ነበር። ጋና እ.ኤ.አ. በ2003 ባቋቋመችው ብሔራዊ የጤና መድኅን ከአባላት መዋጮ በተጨማሪ በዕቃዎችና በአገልግሎቶች ላይ 2.5 በመቶ ልዩ ቀረጥ ጥላለች።

ለኢትዮጵያ በይበልጥ የሚቀርበው የሩዋንዳ ተሞክሮ ነው። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት ወረዳዎች በሙከራ የጀመረችውን የማኅበረሰብ ጤና መድኅን በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመላ አገሪቱ አስፋፍታ አብዛኛውን ሕዝቧን አባል ለማድረግ በቅታለች። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ፈንዱን የሚያስተዳድረው የአገሪቱ የማኅበራዊ ዋስትና ቦርድ ነው። ይህም በየአካባቢው ተበታትኖ የነበረውን ገንዘብ ወደ አንድ ትልቅ ቋት አሰባስቦታል።

የኢትዮጵያ ሥርዓት

በኢትዮጵያ የጤና ወጪ ከሦስት ዋና ዋና ምንጮች ይሸፈናል፤ እነርሱም የመንግሥት በጀት፣ የልማት አጋሮች ድጋፍና ቤተሰቦች ከኪሳቸው የሚከፍሉት ገንዘብ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስገነዝበው ሕዝብ በሕክምና ወጪ ምክንያት ለድህነት የመዳረጉ አደጋ በእጅጉ የሚቀንሰው ከኪስ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ከ15 እስከ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። የጤና መድኅን ሥርዓት የተዘረጋው ከኪስ የሚከፈለውን ድርሻ ለመቀነስ ነው።

ሥርዓቱ ሁለት ዘርፎች አሉት። የመጀመሪያው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው ማኅበራዊ ጤና መድኅን ሲሆን የታሰበው ለመደበኛው ክፍለ ኢኮኖሚ ሠራተኞችና ለጡረተኞች ነው፤ ይዘቱም ከጀርመን አሠራር ጋር ይቀራረባል። ይህ ዘርፍ ወደ ተግባር ሳይገባ ለብዙ ዓመታት ዘግይቷል። ሁለተኛው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሲሆን የሚያገለግለው አርሶ አደሩን፣ አርብቶ አደሩን፣ በከተማም በአነስተኛ ንግድ፣ በዕደ ጥበብና በቀን ሥራ የሚተዳደረውን ሕዝብ ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ወደ አብዛኞቹ የአገሪቱ ወረዳዎች ተስፋፍቷል።

አገልግሎቱ የሚሰጠው በሦስት እርከኖች ነው። የመጀመሪያው እርከን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ይይዛል። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰዎችን እንዲያገለግል ታስቦ የሚቋቋም ነው። ሁለተኛው እርከን ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

ወልቂጤና ቡታጅራ

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነው ያገለግላሉ። ሁለቱም ከተሞች የዙሪያቸው ገጠር ነዋሪ ለገበያም ለሕክምናም የሚመጣባቸው ማዕከላት ናቸው። በቡታጅራ ጠቅላላ ሆስፒታል ይገኛል። በወልቂጤ አቅራቢያ፣ በጉብርዬ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚተዳደረው የአጣጥ ሆስፒታል በአካባቢው ለረጅም ዘመን ሲያገለግል ቆይቷል።

ቡታጅራ በአገሪቱ የጤና ጥናት ታሪክም የራሷ ስፍራ አላት። ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ዑሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአካባቢው በተመረጡ 10 ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና የነዋሪዎችን ዝውውር ሲመዘግብ ኖሯል። ይህ መዝገብ ብዙ ዜጎች ከጤና ተቋም ውጭ በሚወልዱበትና በሚሞቱበት ዘመን ስለ ገጠሩ ሕዝብ የጤና ሁኔታ አስተማማኝ መረጃ አስገኝቷል።

ከዕድርና ከዕቁብ ጋር ያለው አንድነትና ልዩነት

አስቀድሞ ማዋጣት ለጉራጌ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ዕቁብ ለንግድ መነሻና ለቤት መሥሪያ፣ ዕድር ደግሞ ለሐዘን ቀን የሚሆን የመረዳጃ ሥርዓት ነው። የጤና መድኅንም የተመሠረተው በዚሁ የመረዳዳት ባህል ላይ ነው፤ ሆኖም ከሁለቱም ይለያል። በዕቁብ እያንዳንዱ አባል ተራው ሲደርስ ያዋጣውን መልሶ ያገኛል። በጤና መድኅን ግን ዓመቱን በጤና ያሳለፈ ቤተሰብ ገንዘቡ አይመለስለትም፤ መዋጮው ለታመመው ጎረቤት ሕክምና ውሏል። ዕድር የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን የጤና መድኅን ግን ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ታክሞ እንዲድን ይረዳል።

የአባላት ቁጥር ለምን ወሳኝ ይሆናል?

አሠራሩን ለመረዳት የሚከተለውን የስሌት ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። 1,000 አባወራዎች እያንዳንዳቸው 1,000 ብር ቢያዋጡ 1,000,000 ብር ይሰበሰባል። ከእነዚህ መካከል በዓመቱ ውስጥ 20 ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 40,000 ብር የሚያስወጣ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው ጠቅላላው ወጪ 800,000 ብር ስለሚሆን ፈንዱ ይበቃል። ነገር ግን ጤነኛ ነን የሚሉት ቀርተው 200 አባወራዎች ብቻ ቢመዘገቡና ሕመምተኞቹ 20 ቤተሰቦች በውስጣቸው ቢገኙ፣ የሚሰበሰበው 200,000 ብር ሆኖ ወጪው ግን ያው 800,000 ብር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ፈንዱ ለጤና ተቋማት መክፈል ያቅተዋል፤ ተቋማቱም መድኃኒት መግዣ ያጣሉ፤ አባላትም ተገቢውን አገልግሎት ሳያገኙ ይቀራሉ። በመሆኑም ጤነኛው ቤተሰብ መመዝገቡ ለሥርዓቱ ህልውና መሠረት ነው። ምሳሌው ለማስረዳት ብቻ የቀረበ ነው፤ ትክክለኛው የመዋጮ መጠን በየጊዜው የሚወሰን ሲሆን ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል።

አባልነትና የአገልግሎት አጠቃቀም

ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። አባወራው ወይም እማወራዋ የትዳር ጓደኛንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ይዘው በቀበሌያቸው በኩል ይመዘገባሉ። ከዚህ ውጭ በቤቱ ለሚኖሩ ቤተሰቦች ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። መክፈል የማይችሉ ወገኖች በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ተለይተው መዋጮአቸው በመንግሥት ይሸፈንላቸዋል። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ቤተሰብ ከሌላው አባል ጋር እኩል አገልግሎት የማግኘት መብት አለው።

የምዝገባና የዕድሳት ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ያሉትን ወራት ይከተላል። ዕድሳቱ ካለፈ መታወቂያው አያገለግልም። ከቀዬአቸው ርቀው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የሚነግዱ ልጆች ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ የዕድሳቱን ጊዜ አስቀድመው ቢያጣሩና የመዋጮውን ገንዘብ ቢተዉ፣ ኋላ በሕመም ጊዜ በችኮላ ከሚላክ ገንዘብ የተሻለ ዋስትና ይሆናል።

ሕክምና ሲያስፈልግ አባሉ የታደሰ መታወቂያውን ይዞ በመጀመሪያ የሚሄደው ውል ወደ ተገባበት ጤና ጣቢያ ነው። ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ተሰጥቶት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሄደ አባል፣ ጉዳዩ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር፣ ወጪውን በሙሉ ወይም በከፊል ከራሱ ለመክፈል ሊገደድ ይችላል። መድኅኑ የሚሠራው ውል በገቡ ተቋማት ውስጥ በመሆኑ፣ ሌላ ዞን ወይም አዲስ አበባ ሄዶ ለመታከም ከመነሣት በፊት የሚላክበት ተቋም ውል ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

መድኅኑ በአጠቃላይ ተመላላሽና ተኝቶ ሕክምናን፣ የላቦራቶሪ ምርመራን፣ ቀዶ ሕክምናንና በተቋሙ የሚገኙ መድኃኒቶችን ይሸፍናል። በውጭ አገር የሚደረግ ሕክምናን፣ የውበት ቀዶ ሕክምናንና ሰው ሠራሽ ጥርስን አይሸፍንም። የታዘዘው መድኃኒት በተቋሙ ከጠፋ፣ አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት ከመግዛቱ በፊት ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን ይጠይቅ፤ የመድኃኒት ማዘዣውንና ሕጋዊ ደረሰኙንም ይያዝ። ቅሬታ ያለው አባል ጉዳዩን በተመዘገበበት ወረዳ ወይም ከተማ ለሚገኘው የጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል።

ያለ መድኅንም በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች

የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የወሊድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ እንዲሁም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ለማንኛውም ዜጋ በነፃ ይሰጣሉ። ስለዚህ ማንኛዋም እናት የመድኅን አባል ባለመሆኗ ወይም ገንዘብ በማጣቷ ምክንያት በቤቷ ለመውለድ መወሰን የለባትም።

ማጠቃለያ

የጀርመን ሠራተኛ ከደመወዙ፣ የብሪታንያ ዜጋ በግብሩ፣ የሩዋንዳ ገበሬ በዓመታዊ መዋጮው የሚያደርጉት አንድ ነው፤ ለማይታወቀው የሕመም ቀን በጤና ቀን ያዋጣሉ። በወልቂጤ፣ በቡታጅራና በዙሪያቸው የሚገኙ ነዋሪዎች ስለ ምዝገባ ጊዜ፣ ስለ መዋጮ መጠንና ውል ስላላቸው ተቋማት ዝርዝር መረጃ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በአቅራቢያቸው ካለው የጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ማግኘት ይችላሉ።