የቆዩ የነዳጅ ማደያ ሰሌዳዎችን መሰብሰብ

የቆዩ የነዳጅ ማደያ ሰሌዳዎችን መሰብሰብ፣ ሰብሳቢዎች «ፔትሮሊያና» የሚሉት ዘርፍ አንዱ ክፍል ነው። ዘርፉ መቅጃ ፓምፖችን፣ በፓምፖቹ አናት ላይ ይበሩ የነበሩ የመስታወት ሉሎችንና የዘይት ጣሳዎችንም ያካትታል። በተለይ በሰሜን አሜሪካ ተስፋፍቷል።

አሠራር

በብዛት የሚፈለጉት የኢናሜል ሰሌዳዎች ናቸው። የብርጭቆ ዱቄት በብረት ላይ ተቀብቶ በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጋገራል፤ እያንዳንዱ ቀለም በአብዛኛው ለየብቻው እቶን ይገባል። ቀለሙን ፀሐይ ብዙም አያደበዝዘውም። ጠላቱ ምት ነው፤ እንደ ኢናሜል ሳህን ጠርዙ ይላጣል፣ ከተላጠበትም ይዝጋል። የመንገድ ዳር ሰሌዳዎች ላይ የጥይት ምልክት ማየት እንግዳ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተደረገው የቁርጥራጭ ብረት ዘመቻ ብዙዎቹ እንደቀለጡ ይታመናል።

ቀዩ ፈረስ

ከምልክቶች ሁሉ ዝነኛው የሞቢል ክንፋም ፈረስ፣ ከግሪክ አፈ ታሪክ የተወሰደው ፔጋሰስ፣ ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎች አሜሪካዊ አድርገው ቢያዩትም፣ በተለምዶ የሚጠቀሰው ታሪክ ወደ አፍሪካ ይወስደናል፤ እ.ኤ.አ. በ1911 መጀመሪያ የተጠቀመበት ከሞቢል ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው የቫኪዩም ኦይል ኩባንያ የደቡብ አፍሪካ ቅርንጫፍ ነው። ቀይ ቀለም የቀባው ደግሞ የጃፓኑ ቅርንጫፍ እንደሆነ ይነገራል። ምልክቱ በአሜሪካ የተስፋፋው ቫኪዩም ኦይል በ1931 ሶኮኒ ከተባለው የነዳጅ ኩባንያ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ነው።

በዳላስ፣ ቴክሳስ፣ በማግኖሊያ ሕንፃ አናት ላይ የተሰቀለው የኒዮን ፈረስ በ1934 ስለቆመ ከደቡብ አፍሪካው ከ20 ዓመት በላይ ይዘገያል። ሆኖም የከተማዋ መለያ ሆኗል። በ1999 ወርዶ በምትኩ አዲስ ተሠርቶ በእ.ኤ.አ. 2000 መባቻ ላይ በራ፤ አሮጌው ታድሶ በ2015 በአንድ ሆቴል ፊት ለፊት ቆሟል። አሮጌው በከተማው መሐል ለእግረኛ ቅርብ መሆኑ ለሰብሳቢ ከሕንፃ አናት የተሻለ ይመስላል።

በኢትዮጵያ

ሞቢል፣ ሼልና አጂፕ በኢትዮጵያም ማደያዎች ነበሯቸው።

ዋጋ

የአንድ ሰሌዳ ዋጋ እንደ ብርቅነቱ፣ መጠኑና ጉዳቱ ይለያያል።

ቅጂዎች

ዋጋው ሲጨምር ቅጂው በዛ። ሰብሳቢዎች በጣት ዳስሰው በቀለሞቹ መካከል ያለውን የከፍታ ልዩነት ይፈትሻሉ፤ የመስቀያ ቀዳዳዎችን ጠርዝና የጀርባውን ዝገትም ያያሉ። ዝገት ግን በአሲድና በጨው በቀናት ውስጥ ሊፈጠር ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።