ከ2020 ጀምሮ “ጊዜያዊ” የሆነው ፈቃድ

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው ትኩረቱን የሚሰበስብለትን መድኃኒት፣ ሐኪሙን አንድም ቀን በአካል ሳያገኝ በቪዲዮ ብቻ ተነጋግሮ እንዲታዘዝለት ያስቻለው በማርች 2020 የተሰጠ “ጊዜያዊ” ፈቃድ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወረርሽኙ አለፈ፤ ፈቃዱ ግን አራት ጊዜ ተራዘመ። ቋሚ ሕግም አልሆነ፣ አልተሻረም። ለምን? ለመልሱ ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

በ1937 ቻርልስ ብራድሌይ የተባለ ሐኪም በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፕሮቪደንስ ከተማ አጠገብ ባለ የሕፃናት ሆስፒታል፣ የባሕርይ ችግር ለነበረባቸው 30 ልጆች ቤንዘድሪን የተባለውን አምፌታሚን ሰጠ። ያየው ነገር አስደነቀው። የሚያነቃቃው መድኃኒት ከልጆቹ ግማሽ ያህሉን ይበልጥ እንዲቅበጠበጡ አላደረጋቸውም፤ ይልቁንም ለትምህርታቸው አተጋቸው። ዛሬ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ያን ጊዜ ይህ ስም አልነበረውም። በ1944 ደግሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ ሜቲልፌኒዴት ተቀመመ፤ ገበያ ላይ የወጣበት ስም፣ ሪታሊን፣ ከፈልሳፊው ባለቤት ከሪታ የተወሰደ ነው።

ይሁን እንጂ ያው አምፌታሚን እንቅልፍ ለማባረር፣ ክብደት ለመቀነስ፣ ከዚያም ለሱስ ዋለ። (የኛው ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ አሜሪካ በ1993 እጅግ ጥብቅ በሆነው በአንደኛው መደብ አስገብታዋለች።) በ1971 አምፌታሚንና ሜቲልፌኒዴት በሁለተኛው መደብ ተመዘገቡ። የዚህ መደብ መድኃኒት ማዘዣ አይደገምም፤ መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል። እስቲ አስቡት፦ መርሳትና ቀጠሮ ማሳለፍ የሕመሙ ዋና ምልክት የሆነበት ሰው፣ ሳይረሳና ቀን ሳያሳልፍ ማዘዣ እያሳደሰ እንዲኖር ተፈረደበት።

በ2001 ራያን ሄይት የተባለ የ18 ዓመት ካሊፎርኒያዊ፣ ፊቱን አይቶት የማያውቅ ሐኪም በኢንተርኔት ባዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ሞተ። በስሙ የተጠራው የ2008 ሕግ፣ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት በኢንተርኔት ከመታዘዙ በፊት ሐኪሙ ታካሚውን ቢያንስ አንድ ጊዜ በአካል እንዲመረምር ደነገገ። መነሻው ትክክል ነበር፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለን የምናልፈው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ይኸው ሕግ ለታማኝ የርቀት ሐኪሞች “ልዩ ምዝገባ” የሚባል በር መተዉ ነው። በሩን መሥራት የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ፣ የዲ.ኢ.ኤ.፣ ድርሻ ነበር። ሳይሠራ አሥር ዓመት አለፈ። ኮንግረስ በ2018 “በአንድ ዓመት ውስጥ ጨርሱ” ብሎ በሕግ አዘዘ። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት የቀረበው በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ወረርሽኙ የደረሰው ይህ በር ሳይሠራ ነው። መንግሥት አጥሩን በሙሉ ከማንሳት ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ባነሳውም ጊዜ ሐቀኛውም ነጋዴውም እኩል ገባ። በኦክቶበር 2022 የአደራል እጥረት በይፋ ታወጀ። በጁን 2024 ደግሞ በወርኃዊ ክፍያ ይሠራ የነበረው የደን ግሎባል ኩባንያ መሥራችና የሕክምና ኃላፊው ተያዙ። የፍትሕ ሚኒስቴር ክስ እንደሚለው ኩባንያው ከ40 ሚሊዮን በላይ ክኒኖች እንዲታዘዙ አድርጎ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። በኖቬምበር 2025 ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ።

እኔን የሚከነክነኝ ከእስሩ በኋላ የሆነው ነው። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ላከ፦ ከ30,000 እስከ 50,000 አዋቂዎች ሕክምናቸው ሊቋረጥባቸው ይችላል፤ ከመንገድ ላይ የሚሸጥ ሐሰተኛ ክኒን ከገዙ ደግሞ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። ሕጉ ሻጮቹን መያዙ ተገቢ ነው። ግን ክሱን ያዘጋጀው መንግሥት፣ እነዚያ ሰዎች በማግስቱ የትኛውን ሐኪም ደጅ እንደሚጠኑ አላዘጋጀም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው።

ያው ማዕከል በ2024 ባወጣው ጥናት 15.5 ሚሊዮን የአሜሪካ አዋቂዎች በሐኪም የተረጋገጠ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ ለዚሁ ሕመም በርቀት ታክመው ያውቃሉ። አነቃቂ መድኃኒት ከሚወስዱት 71.5 በመቶው መድኃኒቱ ከፋርማሲ ጠፍቶባቸዋል። በ2023 ዲ.ኢ.ኤ. በአካል መታየትን ለዚህ መደብ ሊመልስ ሲያስብ ከ38,000 በላይ አስተያየት ጎረፈለት፤ ረቂቁን ወደ ጎን አድርጎ ማራዘሙን ያዘ። መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር 2023፣ ቀጥሎ እስከ 2024 መጨረሻ፣ ከዚያ እስከ 2025 መጨረሻ። አራተኛው ማራዘሚያ ቀኑን ወደ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ወስዶታል።