ወደ ኖርዲክ አገሮች የአየር ጉዞ ለሚያቅዱ ዜጎች የቀረበ መረጃ

ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ዴንማርክ፣ ፊንላንድና አይስላንድ በጋራ ኖርዲክ አገሮች በመባል ይታወቃሉ። አምስቱም የሸንገን ስምምነት አባላት በመሆናቸው አንዱ አገር የሰጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ በመደበኛነት በሌሎቹም ያገለግላል። ኖርዌይና አይስላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባይሆኑም በቪዛ ረገድ የሚመሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ስቶክሆልም፣ ኦስሎና ኮፐንሃገን የሚበር ሲሆን፣ የበረራ ቀናቱና በመካከል የሚያርፍባቸው ከተሞች በየወቅቱ ስለሚለዋወጡ ከአየር መንገዱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ አየር ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ከለቡ፣ ከጎፋ ወይም ከመካኒሳ ተነስቶ ቦሌ መድረስ ከጉዞው ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ወራት የሚፈጀው ከዚያ በፊት ያለው የሰነድ ሥራ ነው፤ ብዙ ጉዞ የሚሰናከለውም እዚያው ላይ ነው።

ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር

የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል። በአጠቃላይ ደንቡ ውሳኔ የሚሰጠው በ15 ቀናት ውስጥ ነው። ሆኖም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባስተላለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ወደ 45 ቀናት ከፍ ብሏል። በዚሁ ውሳኔ መሠረት ተደጋጋሚ መግቢያ ያለው ቪዛ አይሰጥም፤ የሚጠየቁ ደጋፊ ሰነዶችን ማቅለልም ቀርቷል። ምክር ቤቱ በምክንያትነት ያቀረበው በአውሮፓ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚገኙ ዜጎችን በመመለስ ረገድ ትብብሩ በቂ አይደለም የሚል ነው። ውሳኔው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ማንኛውም ተጓዥ 45 ቀናትን መነሻ አድርጎ ማቀድ ይኖርበታል።

ለምሳሌ በስቶክሆልም የምትኖር ልጃቸውን ለማረስ የሚሄዱ እናት ሰኔ 1 ቀን ለመብረር ቢያስቡ፣ ማመልከቻ ማስገባት የሚችሉት ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንስቶ ነው። 45 ቀናቱ ብቻ ሲታሰቡ የመጨረሻው ቀን ሚያዝያ 16 ይሆናል። ነገር ግን ቀጠሮ የማግኛውም ጊዜ ስለሚታከልበት፣ ሰነዱን እስከ የካቲት አሟልቶ መገኘት ይመረጣል። መውለጃው ሲቃረብ መሯሯጥ ለልጅም ለእናትም ጭንቀት ነው።

ማመልከቻው የሚቀርበው ተጓዡ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆይበት አገር ኤምባሲ፣ ወይም ኤምባሲው ለወከለው የማመልከቻ መቀበያ ማዕከል ነው። አይስላንድ በአዲስ አበባ ኤምባሲ ስለሌላት፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው በየትኛው ወኪል አገር በኩል እንደሚያመለክት አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። የቪዛ ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች 45 ዩሮ ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። በዚህ ምክንያት ቪዛው ከመውጣቱ በፊት የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት መግዛት አይመከርም፤ ለማመልከቻው ቦታ የተያዘበት ማስረጃ ይበቃ እንደሆነ ኤምባሲውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሰነዶች መጣጣም

ፓስፖርቱ ከሸንገን አገሮች ከሚወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ለ3 ወራት የሚያገለግል፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት። እድሳት የሚያስፈልገው ከሆነ በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በኩል የሚከናወነው ይህ ሥራ ከሁሉም መቅደም አለበት።

አመልካቾችን በብዛት የሚያጉላላው የስም አጻጻፍ ልዩነት ነው። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ ላይ በአንድ መልክ፣ በልደት የምስክር ወረቀቱ በሌላ፣ በባንክ ደብተሩ ደግሞ በሦስተኛ መልክ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ለአገር ቤት ሰው ሦስቱም ፀሐይ ናቸው፤ ለቪዛ መርማሪ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊመስሉ ይችላሉ። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ ወደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ሲለወጥ በስሕተት የሚዛባበት ጊዜ አለ። ዝምድናን የሚያረጋግጡ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች በአዲስ አበባ ከሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይገኛሉ። ልዩነት ከታየ ሰነዱን በሰጠው አካል ማስተካከል የሚገባው ለማረጋገጫ ከመቅረቡ በፊት ነው። ቲኬቱም በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው አጻጻፍና ቅደም ተከተል መቆረጥ ይኖርበታል።

ከዚህ በተጨማሪ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን፣ የገቢ ማስረጃ፣ የሥራ ወይም የጡረታ ደብዳቤና የጋባዡ ሰነድ ይጠየቃሉ። በስዊድን የሕዝብ መዝገብ የሚያዘው በግብር ባለሥልጣኑ በመሆኑ፣ ጋባዧ የምትልከው የነዋሪነት ማስረጃ ከዚያ የሚወጣ ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ሊያጋባ ይችላል።

የግብዣ ደብዳቤ ወይም የባንክ ማስረጃ «እናዘጋጃለን» ከሚሉ ደላሎች መራቅ ያስፈልጋል። የማመልከቻና የጣት አሻራ መረጃ በሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ ቋት ለ5 ዓመታት ስለሚቀመጥ፣ በአንድ ኤምባሲ የቀረበ ሐሰተኛ ሰነድ ለሌላውም ይታያል። ቪዛ የተከለከለ አመልካች ምክንያቱን በጽሑፍ የማግኘትና ይግባኝ የመጠየቅ መብት አለው። ለጉብኝት የተሰጠ ቪዛ ደግሞ ለመቀጠር አያገለግልም።

በቪዛው ላይ ያሉ ቁጥሮች

በቪዛው ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይነበባሉ፤ አንደኛው ቪዛው የሚያገለግልበት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ ሁለተኛው መቆየት የሚፈቀድበት የቀናት ብዛት ነው። ቪዛው ለ45 ቀናት የሚያገለግል ሆኖ የቆይታ ፈቃዱ 30 ቀን ቢሆን፣ ተጓዡ መውጣት ያለበት 30ው ቀን ሲሞላ ነው። የደረሰበትም የሚወጣበትም ቀን ይቆጠራሉ። የቆይታው ጣሪያ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ 90 ቀን ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው በመካከል ወደ ለንደን ቢሻገር ወደ ስዊድን መመለስ አይችልም። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ እንዲውል በተደረገው የመግቢያና መውጫ ምዝገባ ሥርዓት ድንበሩ ላይ አሻራና ፎቶግራፍ ስለሚወሰድ፣ ከተፈቀደው ቀን ያለፈ ቆይታ ወዲያውኑ ይታወቃል። በፍራንክፈርት ወይም በቪየና አውሮፕላን የሚቀይር ተጓዥ የመግቢያ ቁጥጥሩ የሚደረግለት በዚያው ከተማ ነው፤ የግብዣ ደብዳቤውና መድኑ በእጅ ሻንጣ መሆን የሚገባቸውም ለዚህ ነው።

ሻንጣ

ወደ አራስ ቤት ቅቤ ሳይይዙ መሄድ ለብዙ እናቶች የሚከብድ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ውጪ በተጓዥ ሻንጣ ማስገባት የተከለከለ በመሆኑ ንጥር ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣና የተዘጋጀ ዶሮ ወጥ በጉምሩክ ይወሰዳሉ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄትና የተቆላ ቡና ለቤት ፍጆታ በሚሆን መጠን፣ በንጹሕ መያዣ ታሽገው ቢያዙ ይሻላል።

ጫት በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በዴንማርክና በፊንላንድ እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚቆጠር ሲሆን፣ ይዞ መገኘት በወንጀል ያስጠይቃል። «ለዘመድ አድርሱልኝ» ተብሎ የሚሰጥ ጥቅል ሳይፈታና ሳይታይ መቀበል አይገባም፤ ባለሻንጣው ማን እንደሰጠው ቢናገርም ከተጠያቂነት ላያመልጥ ይችላል።

የጉዞው ሌሊት

ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች በአብዛኛው የሚነሱት በእኩለ ሌሊት አቅራቢያ ነው። ቲኬቱ ማክሰኞ 00:20 የሚል ከሆነ በአገራችን አነጋገር ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። ማክሰኞ ማታ አየር ማረፊያ የሚደርስ ሰው አንድ ቀን ዘግይቷል። ተጓዡ ቢያንስ 3 ሰዓት ቀድሞ፣ ማለትም ሰኞ ምሽት 3 ሰዓት ከ20 ላይ ቦሌ መገኘት አለበት፤ የቀለበት መንገዱ ምሽት ላይ ስለሚጨናነቅ ከጀሞና ከለቡ የሚነሱ ተጨማሪ ጊዜ ይያዙ።

ስቶክሆልም፣ ኦስሎና ኮፐንሃገን ከአዲስ አበባ በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። በታኅሣሥ አጋማሽ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ስለሆነ፣ ወፍራም ካፖርት ከሚጫነው ሻንጣ ይልቅ በእጅ ቢያዝ ይመረጣል።

ፓስፖርት የጠፋበት ተጓዥ በቅድሚያ ለአካባቢው ፖሊስ አመልክቶ ማስረጃ ይቀበላል፤ ከዚያም በስቶክሆልም ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያቀርባል። የፓስፖርቱ የመረጃ ገጽና የቪዛው ቅጂ አንዱ ከተጓዡ ጋር፣ አንዱ ደግሞ አዲስ አበባ ከቤተሰብ ዘንድ መቀመጥ አለበት።