የሐርቡ መንገደኛ፤ ባቡር ወይስ መኪና?

ከሐርቡ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ «በባቡር ልሂድ ወይስ በመኪና?» ብሎ አሳብ አይገባውም። ምርጫው እርሱ ሳይወለድ ተመርጦለታል። ማን እንደ መረጠና ስለ ምን እንደ መረጠ መመርመር የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ በ1894 ሰጡ። ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ወሎን ግን አልነካም። ኢጣሊያ በ1936 ደሴንና አዲስ አበባን በያዘች ጊዜ ባቡሩን የሚያስተዳድሩት ፈረንሳዮች፣ ወደቡም የፈረንሳይ ነበር። ስለዚህ ወራሪው በእጁ ከነበሩት ከምጽዋና ከዐሰብ ወደቦች የሚያስገባ የራሱን መንገድ ፈለገ። ሐዲድ መዘርጋት ዓመታት ይፈጃል፤ ጦሩ ግን ስንቅና ጥይት ቶሎ ይሻ ነበር። የአስመራና የዐሰብ መንገዶች በደሴና በኮምቦልቻ አጠገብ ተገናኙ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውም ጣርማ በር ላይ ተራራውን በዋሻ ሰንጥቆ አለፈ።

ይህ ሁሉ ለሕዝቡ ታስቦ ተሠራ ማለት ስሕተት ነው። ሆኖም ለወታደር የተቀደደው መንገድ ከ1941 ድል በኋላ ለነጋዴው ጠቀመ። መኪና ጭነቱን ከደጃፍ ያነሣል፤ ባቡር ብዙ ቢጎትትም በጣቢያው ብቻ ይቆማል።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የሚዘልቅ ሐዲድ ለመሥራት በ2012 ከአንድ የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ሲፈረም ጥያቄው እንደ ገና ተነሣ። ፊት የመረጠው ወራሪ ነበር፤ አሁን መራጩ የአገሩ ሰው ነው። እንግዲህ ከባቡሩ ፍጥነት አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሐርቡን የመሰለች ትንሽ ከተማ ከሐዲዱ ምን ታገኛለች የሚለው ነው።