ታሪክ በአከርካሪ ሲነበብ

«ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል ያገራችን ሰው። የሻርክ ነገር ሲነሳ ግን አናቱን ትተን ጀርባውን ብናይ ይሻለናል።

የሻርክና የጠፍጣፋው ዘመዱ የሬይ አጽም እንደኛ አጥንት አይደለም፤ ጆሯችን ላይ እንዳለው ዓይነት ልም አጥንት ነው። ሲሞት ቶሎ ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ከጥርሱ በቀር ብዙም ቅሪት የማናገኝለት። የአከርካሪው አንጓዎች ግን በካልሲየም ስለሚጠነክሩ አንዳንዴ ከዘመን ያመልጣሉ። ክብ ናቸው፤ በሁለቱም ፊታቸው እንደ ሲኒ የጎደጎዱ።

ታዲያ የማን እንደሆኑ በምን ይታወቃል? ካርል ሃሰ የተባለ ጀርመናዊ የአናቶሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1885 ባሳተመው ሥራው የአንጓውን ውስጥ እያየ መልስ ፈለገ። በአንዱ ውስጥ አንድ ቀለበት፣ በሌላው ቀለበት በቀለበት የተደራረበ፣ በሦስተኛው ደግሞ ከመሃል እንደ ኮከብ የሚፈነጠቅ ጨረር አገኘ። በዚህም መላውን ዘር በሦስት ሣጥን ከተተው። ያምራል አይደል? ችግሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 እንግሊዛዊው ሪድዉድ ነገሩን እንደገና ሲመረምር ተፈጥሮ ለሣጥን የምትመች ሆና አልተገኘችም። ጥለቱ ሁልጊዜ ዝምድናን አይከተልም።

ይሁንና ጥለቱ ዛሬም ፍንጭ ይሰጣል። የነጭ ሻርክ ወገኖች አንጓ ጎኑ በቀጫጭን ግድግዳዎች የተሸነሸነ ነው። የበሬ ሻርክ ወገኖች ጎን ግን ደልደል ያለና ለስላሳ ነው። ሬይ ደግሞ ከራስ ቅሉ ኋላ ያሉት አንጓዎቹ ተጣብቀው አንድ ወጥ ይሆናሉ።

አንጓው ከስም በላይም ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ቤልጅግ ውስጥ አንትወርፕ አካባቢ የተገኘው የሜጋሎዶን አከርካሪ 141 አንጓዎች አሉት፤ ዛሬ ብራስልስ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት አንጓዎቹን በሲቲ ስካን አይቶ 46 የዕድገት ቀለበቶች ቆጠረ። በዓመት አንድ ቀለበት ይጨምራል ካልን እንስሳው በ46 ዓመቱ ሞቷል፤ ሲወለድም 2 ሜትር ያህል ነበር። ሲሞት ያለውን ርዝመት ጥናቱ የገመተው ከነጭ ሻርክ አንጓ ጋር አመዛዝኖ ሲሆን፣ 9.2 ሜትር አለው። ነገር ግን አንጓዎቹ ተደርድረው ብቻቸውን 11 ሜትር ገደማ ይሆናሉ! እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት ራስና ጭራ ጨምሮበት 16.4 ሜትር አደረሰው።

አከርካሪው ያው ነው፤ የተለወጠው አለካኩ ነው። ስለዚህ ሙዚየም ገብተን ከመስታወት ጀርባ ያለ ቁራጭ ስናይ «የማን ነው?» ከማለት አልፈን «በምን ታወቀ?» ብለን ብንጠይቅ አንከስርም።