የጠርሙሱ ወረቀት

ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ፓሪስ ውስጥ ሰሃን በማጠብ አንድ ክረምት ያሳለፍኩበት ምግብ ቤት፣ ከሒሳብ መቀበያው በላይ ባለች ጠባብ መደርደሪያ ላይ ለብቻው ቆሟል። አቧራ ማራገፍ የኔ ድርሻ ስለነበር ሰኞ ሰኞ አወርደዋለሁ፣ በደረቅ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፣ መልሼ አቆመዋለሁ። ወረቀቱ ላይ በቅጠል የታጀበ ትልቅ «ቪ» ፊደል አለ፤ 1945 የሚል ቁጥርም አለው። ስሙ «ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ» ይላል።

ሙቶን በፈረንሳይኛ በግ ነው። ከምግብ ዝርዝሩ ላይ የለመድኳት ቃል ናት። «ይሄ ደግሞ የበግ ወይን ነው እንዴ?» ብዬ ወይን የሚያስተናግደውን ሽማግሌ ጠየቅኩት። አልሳቀም። «ከሰበርከው ከስብርባሪው ጋር አብረህ ትወጣለህ» አለኝ።

ለባዶ ጠርሙስ ይሄ ሁሉ ክብር ምንድን ነው? ጥያቄው አብሮኝ ከረመ። ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ሥራ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከወዲሁ ልናገር፤ የወይን ሰው አይደለሁም፣ ስለ ጣዕሙ ልተርክላችሁ አልችልም። ልቤን የያዘው ወረቀቱ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ፖያክ ይባላል። ከቦርዶ ከተማ በስተሰሜን፣ በዢሮንድ ወንዝ ግራ ዳርቻ፣ ጠጠር የበዛበት መሬት ነው። ለእህል የማይመኙት ዓይነት መሬት፣ ካበርኔ ሶቪኞ ለሚባለው የወይን ዘር ግን የተመቸ። የቦታው ስም ከበግም የመጣ አይደለም፤ ጉብታ ከሚል የጥንት ቃል የወጣ ነው ይባላል። በ1853 የእንግሊዙ የሮትሺልድ ቤተሰብ አባል የሆነው ናታንየል ደ ሮትሺልድ እርሻውን በጨረታ ገዛው። ባንከኞች ናቸው፤ ገንዘቡ አልቸገራቸውም። የቸገራቸው ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ነገር ነው።

በ1855 ናፖሊዮን ሣልሳዊ ፓሪስ ላይ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። የቦርዶ ንግድ ምክር ቤትም የአገሩን ወይን ይዞ ሊቀርብ ፈለገና የከተማውን የወይን ደላሎች ማኅበር «የታላላቆቹን ወይኖች ዝርዝር በየደረጃቸው ስጡን» ሲል ጻፈለት። ደብዳቤው የተጻፈው ኤፕሪል 5 ነው። መልሱ ኤፕሪል 18 ደረሰ። አሥራ ሦስት ቀን! ደላሎቹ ለዚህ ብለው ቀማሽ አልሰበሰቡም፣ ጠርሙስ አልከፈቱም። መዝገባቸውን ገለጡ፤ ለዓመታት ማን በስንት ሲሸጥ እንደኖረ ያውቁታል። ውድ የሆነው ላይ፣ ረከስ ያለው ታች። በአምስት ደረጃ ከፈሉትና አስረከቡ።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። የደላላ ወረቀት። ለአንድ ኤግዚቢሽን የተዘጋጀ፣ በዚያው ሰሞን ሊረሳ የሚችል የዋጋ ዝርዝር። ግን አልተረሳም። ሰው ዝርዝር ይወዳል፤ በተለይ ስሙ ላይ የተጻፈለት ሰው። አንደኛ ደረጃ ላይ ከሜዶክ ላፊት፣ ላቱርና ማርጎ፣ ከግራቭ ደግሞ ኦ-ብሪዮን ሰፈሩ። ሙቶን የሁለተኛዎቹ መጀመሪያ ሆነ። ይሄ ክፉ ቦታ ነው፤ በሩ ሥር ቆሞ እንደመቅረት ያለ። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ፣ በ1868 የፈረንሳዩ ቅርንጫፍ አለቃ ጄምስ ደ ሮትሺልድ ላፊትን ገዛ። የናታንየል አጎትም አማትም ነው። እርሻዎቹ አጥር ለአጥር ናቸው። ከዚያ በኋላ የአንድ ቤተሰብ ልጆች፣ በአንድ ስም፣ በጎረቤት መሬት፣ አንዱ አንደኛ ሌላው ሁለተኛ ሆነው ኖሩ። ዘመድ ያለው ሰው የዚህን ነገር ሕመም አስረዱኝ አይልም።

ለብዙ ጊዜ ግን ከቤተሰቡ ብዙም የተብሰከሰከ አልነበረም። ባለቤቶቹ ፓሪስ ነው የሚኖሩት። በ1922 ግን ፊሊፕ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት እርሻውን ከአባቱ ተረከበ። አባቱ ሐኪምም የቴአትር ጸሐፊም ነበር፤ ወይኑ ብዙም አይጥመውም። ልጁ መኪና መንዳትና የፓሪስን ምሽት የሚወድ ቅንጡ ነበር። ከሱ ማንም ብዙ አይጠብቅም።

ፊሊፕ መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ የዋህ ይመስላል፦ ወይናችንን የሚያሽገው ማን ነው? በዚያን ጊዜ አንድ ሻቶ ወይኑን ጠምቆ ገና በበርሜል እያለ ለቦርዶ ነጋዴዎች ይሸጠዋል። ነጋዴው በራሱ መጋዘን ያስረጀዋል፣ በራሱ እጅ ጠርሙስ ውስጥ ያስገባዋል፣ ወረቀት ይለጥፍበታል። መሃል ላይ ምን እንደተጨመረበት እግዜር ይወቀው። ስሙ የሙቶን፣ እጁ የነጋዴው። ፊሊፕ በ1924 «ከእንግዲህ ሙሉ ምርቱ የሚታሸገው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው» አለ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ የአገሩን ንግድ ከሥሩ የነቀነቀ ውሳኔ ነበር። በርሜሎቹ ግቢው ውስጥ ሊቆዩ ስለሆነ ቦታ አስፈለገ። በ1926 መቶ ሜትር የሚረዝም መጋዘን አሠራ። ንድፉን ያወጣለት የቴአትር ቤቶች አርክቴክት የነበረው ሻርል ሲክሊስ ነው፤ እና በእውነትም መድረክ ይመስላል ይባላል። ሰውየው ትርኢት ይወዳል ማለት ነው።

የ1924ቱን ወረቀት ደግሞ ዣን ካርሉ ለሚባል ወጣት የፖስተር ሠዓሊ ሰጠው። ካርሉ የበግ ራስና የሮትሺልድ ቤት ምልክት የሆኑትን አምስት ቀስቶች በዘመኑ የኪዩቢዝም ስልት ሣለ። የቦርዶ ሽማግሌዎች ደነገጡ። ወረቀቱም ብዙ አልቆየም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ድሮው ደረቅ ጽሑፍ ተመለሱ። በግ መሆኑን ግን ፊሊፕ አልተወም። ኤፕሪል 13 የተወለደ ሰው ነው፤ ኮከቡም በግ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ሮትሺልዶች አይሁድ ናቸው። በ1940 ፈረንሳይ ስትወድቅ የቪሺ መንግሥት የፊሊፕን ዜግነት ገፈፈ፣ ንብረቱን ወረሰ። እሱ ሰሜን አፍሪካ ላይ ተይዞ ታሰረ፤ ከተለቀቀ በኋላ የፒሬኔ ተራሮችን አቋርጦ ወጣና እንግሊዝ አገር ደ ጎል የሚመራውን የነጻይቱን ፈረንሳይ ጦር ተቀላቀለ። በፓሪስ የቀረችው ሚስቱ ኤሊዛቤት ናት። ኤሊዛቤት ፔለቲዬ ደ ሻምቡር ትባላለች፤ የድሮ የካቶሊክ መኳንንት ልጅ። ከፊሊፕ ጋር ያላቸው ትዳር ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የሻከረ ነበር። ያገባችው ስም ግን አልለቀቃትም። በ1944 ጌስታፖ ያዛት። ፊሊፒን የምትባለው ልጃቸው ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር።

ኤሊዛቤት ራቨንስብሩክ በሚባለው የናዚ የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ማርች 1945 ሞተች። አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ ያበቃው በሜይ ነው። ሁለት ወር አልሞላም።

የዚያ ዓመት የወይን ታሪክ እንዲህ ነው። በሜይ መጀመሪያ፣ አበባ ሊያብብ ሲል፣ ቦርዶን ከባድ ውርጭ መታው። ብዙው ቡቃያ ተቃጠለ። ከዚያ የመጣው በጋ ደረቅና ሐሩር ነበር። ከውርጩ የተረፈው ዘለላ ጥቂት ነው፣ ፍሬውም ትንሽና ወፍራም ቆዳ ያለው፤ የሥሩ ጉልበት ሁሉ እዚያ ጥቂት ፍሬ ላይ ተጠራቀመ። ሰው የለም፣ ፈረስ የለም፣ መሣሪያ የለም። ከዚያ እጥረት የወጣው ወይን ነው እንግዲህ እስካሁን ድረስ የክፍለ ዘመኑ ታላላቅ ተብለው ከሚጠሩት አንዱ የሆነው። በ2006 አሥራ ሁለቱ ጠርሙስ ሎስ አንጀለስ ላይ በ290,000 ዶላር ተሽጧል። በደላሎቹ ወረቀት ላይ ደግሞ፣ አትርሱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

ፊሊፕ ለዚህ ምርት ልዩ ወረቀት ፈለገ። ፊሊፕ ዡሊያን የሚባል ወጣት ሠዓሊ የቸርችልን የድል ምልክት፣ «ቪ»ን፣ ሣለለት። ከሥሩ «1945 የድል ዓመት» ይላል። እኔ በየሰኞው የምወለውለው ያ ነው።

ስለዚህ ወረቀት ለረጅም ጊዜ ምን ማሰብ እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር። አንዳንዴ ሸቀጥ ላይ የተለጠፈ ባንዲራ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ፣ ሰውየው ዘምቷል፣ ርስቱን ተነጥቋል፣ «ድል» የማለት መብት ከሌሎች ይልቅ አለው እላለሁ። የማልሻገረው ግን አንድ ነገር አለ። ለእሱ ቤት 1945 የድል ዓመት ብቻ አልነበረም። የዚያችን አሥር ዓመት ልጅ ብትጠይቋት ዓመቱን በሌላ ስም ነው የምትጠራው። ወረቀቱ ጠባብ ነው፤ ከእናትየው ሞት እና ከድሉ አንዱን ብቻ ያዘ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አንድ ሠዓሊ ወረቀቱን እንዲሥል ልማድ ሆነ። ብራክ በ1955፣ ዳሊ በ1958፣ ሚሮ በ1969፣ ሻጋል በ1970፣ ዋርሆል በ1975። ክፍያው ገንዘብ ሳይሆን ወይን ነው፤ በሣጥን። ብዙ ሰው ሙቶንን የሚያውቀው በዚህ ስለሆነ ብዙ አልልም። አንዲት ብቻ ልጨምር፦ በ1993 ባልቱስ የሣላት ራቁቷን ልጃገረድ አሜሪካ ውስጥ ቁጣ ስላስነሣች፣ ወደዚያ የሚላኩት ጠርሙሶች ሥዕሉ በነበረበት ቦታ ባዶ ወረቀት ይዘው ሄዱ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ሁለቱንም ይፈልጋሉ፤ ባዶውንም ጭምር።

የደረጃው ነገርስ? ፊሊፕ አልተኛም። የ1855ቱ ዝርዝር መሠረቱ ዋጋ ነው፤ እንግዲያውስ ዋጋውን ከላፊት እኩል፣ ሲሆንለትም ከላይ እያደረገ መሸጥ ያዘ። ደብዳቤ ጻፈ፣ ሚኒስትር ደጅ ጠና፣ ግብዣ አበላ። በጠርሙሱ ዓለም ይነገር የነበረው የቤቱ መፈክር «አንደኛ መሆን አልችልም፣ ሁለተኛ መሆን አልፈልግም፣ ሙቶን ነኝ» የሚል ኩራት ነበረበት። ኩራቱን አምናለሁ፤ አልፈልግም የሚለውን ግን አላምንም። እንዲህ የማይፈልግ ሰው ሃምሳ ዓመት ደጅ አይጠናም።

ጁን 21፣ 1973 የግብርና ሚኒስትሩ ሙቶንን ወደ አንደኛ ደረጃ የሚያወጣውን ውሳኔ ፈረመ። ሚኒስትሩ ዣክ ሺራክ ነው፤ በኋላ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሆነው። ፊሊፕ 71 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ከታች ወደ ላይ ደረጃውን ያሻሻለ ሌላ ሻቶ የለም። መፈክሩም ተለወጠ፦ «አንደኛ ነኝ፣ ሁለተኛ ነበርኩ፣ ሙቶን አይለወጥም»። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ፒካሶ ሞቶ ስለነበር የ1973ቱ ወረቀት ላይ የሱ የድሮ ሥዕል ወጣ።

ያ ሁሉ ድምቀት ያረፈበት ወይን ግን ደካማ ነው። 1973 ለቦርዶ ጥሩ ዓመት አልነበረም፤ በዝናብ ያበጠ፣ የሳሳ ምርት ነው። በጥበብ የታሪኩ ሁሉ ቁንጮ የሆነው ጠርሙስ፣ ለመጠጥ ሲሆን ከመካከለኞቹ ነው። ሁለተኛ የሚል ማዕረግ ያለው የ1945ቱ ነው የሚነገርለት።

ሦስት ዓመት አለፈ። በሜይ 1976 ስቲቨን ስፐሪየር የሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞችን ሰብስቦ ስሙ የተሸፈነ ወይን አስቀመሰ። የሙቶን የ1970 ምርት ከፈረንሳዮቹ ቀይ ወይኖች ሁሉ በለጠ፤ ከካሊፎርኒያው ስታግስ ሊፕ ግን አነሰ። ሁለተኛ ወጣ። ፊሊፕ አኩርፎ አልቀረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከካሊፎርኒያው ሮበርት ሞንዳቪ ጋር ሸርኮ ኦፐስ ዋን የሚባለውን ወይን አወጣ።

በ1988 ሲሞት እርሻውን የተረከበችው ያቺ ልጅ ናት። ፊሊፒን እስከዚያ ድረስ ተዋናይት ነበረች፤ በኮሜዲ ፍራንሴዝ መድረክ ላይ ፊሊፒን ፓስካል በሚል ስም ነው የሠራችው። ለምን የቤቱን ስም እንዳልተጠቀመች ሰበብ መፈለግ አያቅትም፤ እኔ ግን እናቷን ምን እንዳስያዛት አስታውሳለሁ። ስሙን በኋላ መልሳ ወሰደችው፤ በየዓመቱ ለሠዓሊዎች እየደወለች ወረቀት የምታሠራውም እሷ ሆነች። በ2014 አረፈች። ዛሬ እርሻው የሦስት ልጆቿ ነው።

ያን ክረምት ይሄን አንዱንም አላውቅም ነበር። ጨርቁ እርጥብ እንዳይሆን ብቻ ነበር የምጠነቀቀው፤ ቀለሙ በውሃ ይለቃል ብሎ ሽማግሌው አስጠንቅቆኛል። ስጨርስ «ቪ»ዋን ወደ ሳሎኑ አዙሬ አቆመውና ወደ ሰሃኖቼ እመለሳለሁ።