የምጥራሐ ደሴት መቃብርና «ማክቤዝ»

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ማክቤዝ» ስናነብ ሐሳባችን የሚሄደው ወደ ስኮትላንድ ሳይሆን ከባሕር ዳር ማዶ ወዳሉት የጣና ደሴቶች ነው። ታላቁ ኢያሱ ወዳጃቸው ቅድስተ ክርስቶስ ብትሞትባቸው አዝነው ወደ ደሴት ገቡ። በጎንደር የነበሩት መኳንንትም «ንጉሡ ዙፋናቸውን ትተዋል» ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ1706 ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ማክቤዝን ጠንቋዮች አሳስተውታል፤ በጎንደር ግን ሸንጎው ብቻ በቃ። በዚያው ዓመት የንጉሡ እናት የመለኮታዊት ወገኖች ሐይቁን ተሻግረው ኢያሱን ገደሏቸው፤ አስከሬናቸውም በምጥራሐ ደሴት ተቀበረ።

የማክቤዝ ሚስት ዘውዱን የተመኘችው ለባሏ ነው፤ መለኮታዊት ግን ለልጇ ዘውድ ስትል የልጇን አባት ሞት ደገፈች። ይሁን እንጂ በደሉን ሁሉ በእርሷ ላይ መጫን ትክክል አይመስለንም፤ ኢያሱ በሕይወት ሳሉ ልጁን ያነገሡት መኳንንት ናቸውና።

ማክቤዝ በሌሊት ከኅሊናው ጋር ሲሟገት እንሰማዋለን። የተክለ ሃይማኖትን በደል የተናገረለት ግን «ርጉም» የሚለው ቅጽል ስሙ ነው። በ1708 እርሱም በሰው እጅ ተገደለ። የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ በነገሡ ጊዜ መጀመሪያ ደም የማይፈልጉ መስለው ቆዩ፤ ኋላ ግን መለኮታዊትን አሰቀሏት።